በቀኝ መሪ ወደ ናጋድ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬበት ከሆነ የጻፍኩበት እጅ ይሰለል! የማያምን ሰው ካለ ምስክሩ በሕይወት አሉ፤ አቶ ባንቲሁን ይባላሉ። አርባ ዓመት ሙሉ ሒሳብ ያስተማሩ፣ ሲስቁ እንኳ ቆጥረው የሚስቁ ሰው ናቸው። ሄዳችሁ ጠይቋቸው። እሳቸው ራሳቸው መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ነገሩ የጀንበሬ ነው። ጀንበሬ ጅቡቲ ከተማ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ተወልዶ ያደገ የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው ነው። አባቱ በዚያው ጣቢያ ፉርጎ ሲቀጥሉና ሲፈቱ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ እሱ ደግሞ ወደቡ አጠገብ ባለ አንድ የትራንዚት ቢሮ ተቀጥሮ፣ የዕቃ ማስለቀቂያ ወረቀት ይዞ ከመስኮት መስኮት ይሮጣል። እሱ ያልፈረመበት ኮንቴይነር ድንበር አይሻገርም ቢባል ማጋነን አይደለም። በዓመት አሥር ሺህ መኪና ከመርከብ አስወርዶ ለባለቤቱ የሚልክ ይህ ሰው ግን የራሱ መኪና አልነበረውም። ፔርሚ ነበረው። ሃያ ሁለት ዓመት ኪሱ ውስጥ የኖረ፣ አንድ ቀን መሪ ሳይነካበት ፎቶው የደበዘዘ መንጃ ፈቃድ።

ጭንቁ የመጣው በልጁ በፅዮናዊት በኩል ነው። ፅዮናዊት አዲስ አበባ ስትማር ከተዋወቀችው ከይታገሱ ጋር ቃል ተገባብታለች። ይታገሱ ጅቡቲ ሥራ ስላገኘ፣ ከሠርጉ በኋላ የሚኖሩት እዚሁ፣ ከጀንበሬ ቤት ሁለት በር አለፍ ብሎ ነው። የይታገሱ አባት አቶ ባንቲሁን ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከዚህ ልጅ በቀር ማንም የላቸውም። እና በስልክ እንዲህ አሉ፤

«አቶ ጀንበሬ፣ አንድ ልጄን ለባሕርና ለሙቀት ከመስጠቴ በፊት የሚቀበለውን ሰው ቤቱ ድረስ መጥቼ ልየው። ልቤ ካልወደደው ነገሩ ይቆያል።»

ይቆያል። ጀንበሬ ይህችን ቃል ሲሰማ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዞረ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ፊቱን ታነባለች። እና ምን ይበል? ድምፁን አጎላ፤

«ይምጡ እንጂ! ናጋድ ባቡር ጣቢያ ድረስ በራሴ መኪና ነው የምቀበልዎት!»

ስልኩ ሲዘጋ ሚስቱ ወርቅነሽ ከማጀት ብቅ አለች። «በየትኛው መኪና?»

«ትመጣለች» አለ።

ትመጣለች ማለት ግድ ሆነበትና ስልኩ ላይ መኪና ፍለጋ ገባ። አንድ ሺህ ፎቶ አየ። በሺህ አንደኛው ላይ ቆመ። ክሬም ቀለም፣ ክብ የፊት መብራት፣ ከፊቷ የሚያብረቀርቅ የብረት ፓራውልት፣ ጣሪያዋ ሸራ። በልጅነቱ ፈረንሳዊው የጣቢያ ሹም እንዲህ ያለች ነበረችው፤ አባቱ በየዓርቡ ያጥቧት ነበር፤ ጀንበሬ ጨርቅ ይዞ ይቆም ነበር እንጂ እጀታዋን እንኳ እንዲነካ አልተፈቀደለትም። ይቺኛዋ መልኳ የዚያን ዘመን፣ ሞተሯ የዛሬ ነው። ፎቶው ላይ ሰው አልቆመባትም፤ ከኋላዋ ባዶ ሰማይ ብቻ። ጀንበሬ የአምባሳደር መኪና የምታህል አድርጎ ገመታት። ከፊት ለፊት የተነሣችውን ፎቶ አጉልቶ አይቶ፣ መሪዋን በግራ በኩል አገኘው። መኪናዋ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ያ ግራ ቀኝ እንደሚሆን አላሰበም። አዘዛት።

መርከቡ ደረሰ። ኮንቴይነሩ ሲከፈት የቢሮው ባልደረባ ከይረዲን ባትሪ አበራ፤ ከዳር እስከ ዳር ጨለማ ነው፤ እመጨረሻው ጥግ ላይ አንዲት ነገር ቁጢጥ ብላለች።

«ጋሽ ጀንበሬ፣ ልጇ ደርሳለች። እናትየዋ በየትኛው መርከብ ናት?»

«ዝም ብለህ አውጣት አንተ!»

ከይረዲን በር ከፈተና ገብቶ ተቀመጠ። እጆቹ አየር ላይ ቀሩ። ወደ ጀንበሬ ዞሮ፣ «መሪው የታለ?» አለ።

መሪው በቀኝ ነው። በጅቡቲ መንገድ ደግሞ የሚነዳው በቀኝ ነው። ይህ ማለት ምን እንደሆነ የገባው ሹፌር ያለቅሳል፤ የፊቱን ከባድ መኪና ለማለፍ ሲፈልግ ከወዲያ የሚመጣውን ለማየት በጋቢናው አሻግሮ፣ በሌላ ሰው ዓይን ማየት አለበት። ቤት ድረስ ከይረዲን ነዳት፤ ጀንበሬ «መንገዱን ትልመደው ብዬ ነው» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልቀመሰም። አሥራ ሁለት ኪሎ ቀነሰ፤ አሥራ አምስት የሚሉም አሉ። በየጠዋቱ ከወርቅነሽ ጋር በራቸው ላይ መኪናዋ ውስጥ ገብተው ይለማመዳሉ፤ እሷ በግራ፣ እሱ በቀኝ፤ ነዳጅ እንዳያልቅ ብሎ ሞተሩን ሳያስነሣ።

«የሚመጣ አለ?»

«አለ! ቆይ! ቆይ አልኩህ!»

«አሁንስ?»

«የለም፣ ግባ!»

አላፊ አግዳሚው ሁሉ በግራ የተቀመጠችውን አይቶ «ጎሽ ወርቅነሽ፣ መንዳት ጀመርሽ?» ይላታል። እሷም እጇን ታወዛውዛለች። ጀንበሬ ጥርሱን ነክሶ ያልተነሣውን ሞተር ማርሽ ይቀይራል። በልቡ ግን ሒሳብ ይዟል፤ ቀሪው አራት ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ሁለት። ማታ እራት ላይ ፅዮናዊት «አባዬ፣ ታክሲ ብንይዝላቸውስ?» ብትለው፣ ያልነካውን ሳህን ገፋ አደረገ።

«ቃሌን በታክሲ አላስመልስም።»

ቀኑ ደረሰ። ሙቀቱ ሃምሳ ስምንት ዲግሪ ነበር፤ ስልሳ ነበር ብል ማንም አይከራከረኝም፣ ግን እውነት ላይ ነን። ባቡሩ የሚገባው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። በጅቡቲ ሰባት ሰዓት ማለት ደግሞ ጫት ከኢትዮጵያ የሚገባበት ሰዓት ነው፤ ጫት የጫነ መኪና ፍሬን አያውቅም፣ ከተማውም አያቆመውም። ጀንበሬ ሸሚዙን ሁለት ጊዜ ለወጠ፤ ሁለቱም ረጠቡ። ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ እንደ አንበሳ አገሣች። ወርቅነሽ አማተበች።

በባልባላ ሰፈር አድርገው ወጡ። ሚኒባሶቹ በቀኝም በግራም ይነጥቃሉ፤ ረዳቶቹ በር ላይ ተንጠልጥለው «ዋሪያ፣ ስሙ እንጂ! ይቺን አሻንጉሊት ከመንገድ አንሡልን!» ይላሉ። ጀንበሬ አይሰማም፤ ዓይኑ አንዲት መርፌ ላይ ተተክሏል፤ የሞተሩን ሙቀት የምታሳየው መርፌ ቀዩን ልትነካ አንድ ጸጉር ቀርቷታል። ከይረዲን የነገረው ትዝ አለው፤ ሞተር ሲግል የውስጡን ማሞቂያ እስከ ጥግ ክፈት፣ ሙቀቱን ይስብልሃል። ከፈተው። እሳት የመሰለ ነፋስ ጉልበታቸው ላይ ተለቀቀ።

«ጀንበሬ፣ ልትጠብሰኝ ነው?»

«ቻይው ወርቄ፣ መርፌዋ እየወረደች ነው። የሚመጣ አለ?»

«ዓይኔ በላብ ተሞልቷል እኮ!»

እንዲህ ሆነው ናጋድ ደረሱ። አቶ ባንቲሁን ከባቡሩ ወረዱ። ቁመታቸው ሁለት ሜትር ከሃያ ነው፤ ትከሻቸው በባቡሩ በር ሲያልፍ በጎን ነው። በአንድ እጃቸው ሻንጣ፣ በሌላው ሃያ ኪሎ ማር። መኪናዋን ዞሯት፤ ለመዞር ሦስት እርምጃ በቃቸው።

«እኔ ልግባባት ወይስ እሷ እኔ ውስጥ ትግባ?» አሉ፤ ፊታቸው አልተፈታም።

ጀንበሬ ሮጦ የኋላውን በር ከፈተላቸው። ልጁ የቤቱ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ በሐሳቡ ታየችው። አቶ ባንቲሁን ጎንበስ አሉ፤ አልሆነም። በጎን ሞከሩ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ጀንበሬ የጣሪያውን ሸራ ጠቀለለና አቶ ባንቲሁን ከኋላ ቆመው ገቡ፤ ከወገብ በታች መኪና ውስጥ፣ ከወገብ በላይ ሰማይ ላይ፣ ማሩን አቅፈው።

ባልባላ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። የሆነ አገር መሪ የመጣ መሰለው። ሴቶች እልል አሉ፤ ፖሊስ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፤ አራት ሞተር ብስክሌት ከፊት ሆኖ አጀበ። አቶ ባንቲሁን ከላይ ሆነው ምን እያሰቡ እንደሆነ ግን ጀንበሬ አያውቅም። የሚያየው ጉልበታቸውን ብቻ ነው። ጉልበታቸው ወንበሩን በገፋው ቁጥር ጆሮው ውስጥ ‹ይቆያል፣ ይቆያል› የሚል ይሰማዋል።

ያኔ ቁልቁለቱ ላይ ነገር መጣ። ከፊታቸው ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ይጎተታል፤ ከኋላቸው ጫት የጫነ ፒካፕ ክላክሱን ሳይለቅ ይበርራል። ካላለፉ ይጨፈለቃሉ፤ ካለፉ ደግሞ ከወዲያ የሚመጣውን አያዩም። የመርፌዋ ጫፍ ቀዩ ውስጥ ገባ። ጀንበሬ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ወርቄ! የሚመጣ አለ?»

ወርቅነሽ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ፣ «አለ... አለ... ቆይ...»

«ቶሎ በይ!»

«የለም፣ ግባ!»

ገባ። ፍሬቻ አላሳየም፤ ዓይኑንም ጨፍኖ ነበር ይባላል። ተሳቢውን በአንድ ጣት ክፍተት አለፈው፤ የአቶ ባንቲሁን ኮፍያ በነፋስ ተነጥቆ ቀይ ባሕር ገባ። ፒካፑ ከኋላ ቀረ፤ ሹፌሩ ወርዶ ጭብጨባ ጀመረ። ቤት ሲደርሱ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ነበር። አቶ ባንቲሁን በጣሪያው ወጡ፣ የመኪናዋን ኮፈን ሳሙ፤ ድምፃቸውንም ከፍ አድርገው፣ «እንዲህ ለሚነዳ ሰው አንድ ልጄን ሳይሆን አሥር ቢኖሩኝ አሥሩንም እሰጣለሁ!» አሉ።

ታሪኩ ይኸው ነው። ሠርጉ በተሠረገ በሳምንቱ፣ በጀንበሬ ግቢ ውስጥ፣ ዘመድ ጎረቤቱ በተሰበሰበበት ከፍ ባለ ድምፅ አነበብኩት። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ጀንበሬ ብቻ የጫማውን ጫፍ ያያል። አቶ ባንቲሁን ከግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ መካከለኛ ቁመት ያላቸው ቀጭን ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ጥሩ ተጽፏል» አሉ ቀስ ብለው። «ግን እኔ ከናጋድ የመጣሁት በሚኒባስ ነው።»

ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«አንድ ሰዓት ያህል ጣቢያው ላይ ጠበቅኩ። ከዚያ ሰው ጠይቄ ተሳፈርኩ። በሩ ጋ ስደርስ አቶ ጀንበሬን መኪናዋ ውስጥ አገኘኋቸው። መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል፤ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። ወይዘሮ ወርቅነሽ አጠገባቸው ሆነው፣ ‹የለም፣ ግባ› ይሏቸዋል። መንገዱ ላይ ድመት እንኳ አልነበረም።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ምን ልበል? የኋላውን በር ከፍቼ ገባሁ። ሰፋኝ። ‹ይቅርታ፣ ፈርቼ ነው› አሉኝ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ። እኔም ብቻዬን ከቀረሁ ወዲህ ብዙ ነገር እንደምፈራ ነገርኳቸው። የልጆቹን ነገር እዚያው ጨረስነው። ሞተሩ አልተነሣም።»