ሁሉም ነገር ግራ

ጉሉማ «ገረ ሚርጋ!» ሲል «ግራ» እሰማና እግሬ ወደ ግራ ይነሳል፤ ሌላው ሰው ግን ወደ ቀኝ። «ገረ ቢታ!» ሲልም የምሰማው ግራ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሁሉም ወደ ግራ ይሄዳል። ለዚህ ሰው ሁሉም ነገር ግራ ነው እንዴ? ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ስለሚቆም የራሱን ግራ እየጠራ ይሆናል አልኩ፤ እሱም አልገጠመልኝም። መጠየቅማ አልጠይቅም። ከመንዝ መጥቼ፣ ትምህርቱ ሁሉ ወደ ኦሮምኛ ሲዞር እንኳ እዚሁ ሮቤ አማርኛ ሳስተምር ጡረታ የወጣሁ ሴትዮ፣ አሁን ቋንቋው አልገባኝም ልበል? ምን ቆርጦኝ!

ጉሉማ በክራንች የሚሄድ ከበሮ መቺ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በቀበሌው አዳራሽ ጭፈራ ያለማምደናል፤ ጤነኛውም፣ እንደ እኔ አንድ ጎኑን በሽታ የመታውም እኩል ይጨፍራል። እኔ የምይዘው የረቢያን እጅ ነው። ረቢያ ዓይነ ስውር ናት። ወንድሟ ወዚር ባለሱቅ ነው፤ የፈቀደላት በመከራ ነው። አንዴ ከወደቀች ሁለተኛ ከቤት አትወጣም ብሏል። ስለዚህ ዓይኔን ከፊቴ ካሉት እግር ላይ አልነቅልም፤ እነሱ ወደሄዱበት ይዣት እከተላለሁ። አንዳንዴ እጄን ሳብ ታደርገኛለች። ሚዛኗን ስታ ነው ብዬ አጥብቄ እይዛታለሁ።

ጎባ ሄደን ለሕዝብ ያሳየን ዕለት ጉድ ፈላ። መድረኩ ላይ ስንሰለፍ «እትዬ ፀዳለ በዕድሜ ይቅደሙ» ብለው ረቢያን እንደያዝኩ ከሁሉም ፊት አቆሙኝ። ማክበራቸው እኮ ነው! አሁን የማን እግር ልይ? ጉሉማ እንኳ ከበሮውን ይዞ ከኋላችን ተቀምጧል። በግራዬ በኩል የመድረኩ ጠርዝ ነው፤ ከታች ወዚር ክንዱን አጣጥፎ ቆሟል።

«ገረ ሚርጋ!»

እግሬ ወደ ጠርዙ ተነሳ። ረቢያ እጄን አጥብቃ ወደ ቀኝ ሳበችኝ። ሰልፉ ተከትሎን ዞረ። ጉሉማ በጠራ ቁጥር እየጎተተች አስጨረሰችኝ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ።

ከመድረክ ስንወርድ ምን እንዳደረገች ጠየቅኳት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ገረ ማለት ‹ወደ› ማለት ነው፣ እትዬ። ቀኙ ሚርጋ ነው» አለችኝ። ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ አውቃብኛለች ለካ! ደሜ ፈላ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እኔን ሰው ሁሉ ይይዘኛል። እኔ የምይዘው ሰው ያገኘሁት እርስዎን ብቻ ነው።»

በዚህ መሀል ወዚር ሰዉን እየገፋ መጣና እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «እህቴን ሳትወድቅ ስለያዙልኝ አላህ ይስጥልኝ» አለኝ።

ረቢያ ጎኔ ቆማ ትሰማለች። ምን ብዬ እንደምመልስለት ግራ ገባኝ።