የጉበቱ ፎቶ

ጋሼ ጡረታ ወጡ ይባላል እንጂ ከላቦራቶሪው የወጣው እግራቸው ብቻ ነው። አሁንም ተማሪያቸው ዘንድ እየደወሉ «ጥንቸሊቱ እንዴት ናት?» ይላሉ። ጥንቸሊቱማ ከሞተች ስንት ዘመኗ! የሚጠይቁት ከደሟ ስላዘጋጁት አንቲቦዲ ነው። ባለቤታቸውም «ጣውንቴ» የሚሏት ወደው አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሎራይድ የሚባለውን የጨው ንጥረ ነገር ከነርቭ ሴል እየጠረገ የሚያስወጣ አንድ ፕሮቲን አለ። የጋሼ አንቲቦዲ እሱን ብቻ ፈልጎ ይጣበቅበትና በማይክሮስኮፕ ሲታይ አረንጓዴ ያበራል። የቀድሞው ሁሉ አልቆ፣ ከጥንቸሊቱ መጨረሻ ላይ ከተቀዳው ደም የተሠራው ብቻ ቀርቷል። ሌሎች ላቦራቶሪዎች ሊወስዱት እየጠበቁ ነው። ፈትሻ «ይሂድ» የምትለው ደግሞ ያቺው ተማሪያቸው ናት፤ ዛሬ እሷም የራሷ ተማሪዎች አሏት።

ጋሼ ያስለመዷት ነገር ነበር፤ አንቲቦዲው ሲፈተሽ ከአንጎል ቁራጭ ጎን ምንጊዜም የጉበት ቁራጭ ይቀመጣል። ጉበት ያ ፕሮቲን ስለሌለው መጨለም አለበት። የቀረውን ስትፈትሽ አንጎሉ እንደ ድሮው ቦግ አለ። ጉበቱም አብሮ ቦግ አለ። ስህተቱ የእኔ ይሆናል ብላ ከሀ ጀምራ ደገመችው፤ ወይ ፍንክች። አንቲቦዲው ያገኘው ሁሉ ላይ የሚለጠፍ ሆኗል። ያዘነችው ለራሷ ሳይሆን ለሽማግሌው ነው።

ቤታቸው ስትሄድ የአንጎሉን ፎቶ ብቻ ላሳያቸው፣ ሌላውን ሌላ ቀን እነግራቸዋለሁ ብላ ቆርጣ ነበር። ጋሼ ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ተቀምጠዋል። ፎቶውን መነጽራቸው ድረስ አስጠግተው አዩትና ፊታቸው ፈካ። ባለቤታቸውን ጠርተው፣ ጣውንትሽ ዛሬም ቆንጆ ናት ብለው አበሸቋቸው። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

«ጉበቱስ?»

«ረሳሁት ጋሼ።»

«አንቺ? አንቺ ረሳሽ?»

የዘረጉትን እጅ አልመለሱም። ቦርሳዋን ከፈተችና የጉበቱን ፎቶ ሰጠቻቸው። ጋሼ እሱን እያዩ ብዙ ቆዩ። ባለቤታቸው መጥተው አጠገባቸው ቁጭ አሉ።

«እንዲህ ሆኖ ልትልኪው ነበር?»

«ኧረ በፍጹም! አይላክም ብዬ ለላቦራቶሪዎቹ ነግሬያለሁ። የደበቅኩት ከእርስዎ ብቻ ነው።»

«እኔ የምሳሳው ለጥንቸሏ መስሎሽ ነው? ለአንቺ ነው እንጂ» አሉ። ድምፃቸው ሰለል ብሏል። እሷ እንባዋ መጣ።

ስትነሳ ሁለቱንም ፎቶዎች ልትሰበስብ ስትል ጋሼ አንዱን ያዙባት። የአንጎሉን ውሰጂው፣ ይሄኛው እኔ ጋ ይቅር አሏት። ባለቤታቸው በፍሬም አድርገው ሳሎን ሰቀሉት። ታዲያ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህ አረንጓዴ ነገር ምንድን ነው ይላል።

«የልጄ ሥራ ነው» ይላሉ ጋሼ።