ሰሌዳው ላይ ያደረችው ሰኞ

ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ግማሹን የተማርኩት ከክፍል ውጭ ሆኜ ነው። በወሬዬ ምክንያት። አንዱ መምህር ግድግዳ ስር ያንበረክከኛል፣ ሌላው «ሐረገ ወይን፣ ነገ ምላስሽን ቤት አስቀምጠሽ ነይ» ይለኛል። ሰባተኛ ክፍል ስገባ ግን ቲቸር መሰረት መጣች። የሒሳብ መምህርት ናት። በመጀመሪያው ቀን አንድ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፈችና ጠመኔውን አስቀምጣ፣ «በሉ፣ አውሩ» አለችን።

ሃምሳ ልጅ ግራ ገባው። ያልተቸገርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

እሷ ክፍል ውስጥ አንድ ሕግ አለ። የተሳሳተ መልስ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል፤ የሚያጠፋው የተሳሳተው ልጅ ራሱ ነው፣ እሱም ለምን እንደተሳሳተ ሲገባው ብቻ። አበባው የሚባል ልጅ የሠራት ስህተት አንድ ጊዜ ሦስት ቀን ሰሌዳው ላይ አድራለች። የእንግሊዝኛው መምህር ዙሪያዋን እየዞሩ ነበር የሚጽፉት።

ታዲያ ወላጆች ደብተራችንን ገለጥ ገለጥ ሲያደርጉ ባዶ ሆነባቸው። «ልጆቻችን ሲያወሩ ነው የሚውሉት» ብለው ለርዕሰ መምህሩ ለአቶ ጥሩነህ ከሰሱ። አቶ ጥሩነህም ክፍላችን መጥተው፣ «ሮብ የወላጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር መሪጌታ ወልደ ሰንበት ገብተው ያያሉ። ካልጣማቸው ከሐሙስ ጀምሮ ዝም ብላችሁ ኖት ትገለብጣላችሁ» አሉን። ሌላው ልጅ ምን እንደተሰማው አላውቅም። ለእኔ ይሄ ወደ ግድግዳዬ መመለስ ነው።

ሮብ መሪጌታ አቶ ጥሩነህን አስከትለው መጡ። ቤተ ልሔም የዜማ ትምህርት ቤት ድጓ ያስመሰከሩ ሰው ናቸው፤ ጥምጥማቸው ብቻውን ክፍሉን ዝም ያሰኛል። ኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጡና ቲቸር ጠመኔ ስታነሳ፣ «ጥያቄውን እኔ ልስጣቸው?» አሉ።

«ደስ ይለናል» አለች።

«ሴት ልጅ አርብ ቀን ተወለደች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ዕለቱ ምን ይሆናል?»

እኔ መጠበቅ አልወድም። ተነሳሁ። «ሰማንያ ለሰባት ሲካፈል አስራ አንድ ደርሶ ሦስት ይተርፋል። ከአርብ ሦስት ቀን መቁጠር ነው። ቅዳሜ፣ እሁድ፣ ሰኞ። መልሱ ሰኞ ነው» ብዬ እንደ ዳኛ ተቀመጥኩ።

 የአቶ ጥሩነህ እስክሪብቶ መጻፍ ጀመረ። ቲቸር «ሰኞ» ብላ በትልቁ ጻፈችና፣ «የማይስማማ አለ?» አለች።

 ሌላ ቀን በመንጫጫት መስኮት የሚሰብረው ክፍል፣ ዛሬ ጥምጥም አይቶ ዲዳ ሆነ። ክፍሉን የቀበርኩት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ትዕግስት ናት፤ በወር አንዴ ነው የምትናገረው። የወሩን ያን ጊዜ ተናገረች። በጆሮዬ፣ «አንቺ ራስሽ አርብ አይደል የተወለድሽው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እናቴ ሽንኩርት ልትሸጥ አርብ ገበያ ወጥታ ነው ምጥ የያዛት። ክርስትናዬ ደግሞ እሁድ ነበር። ያስቀደሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን እየወጣ በቀጥታ ቤታችን ስለገባ ጠላው ከቀትር በፊት አለቀ፤ እናቴ እስካሁን በየዓመቱ ትወቅሰኛለች፣ እኔ የጠጣሁት ይመስል።

ተነሳሁ። «ቲቸር፣ አልስማማም።»

«ከማን ጋር?»

«ከሐረገ ወይን ጋር።»

ክፍሉ ሳቀ። ሲስቅ ጊዜ ምላሱ ተፈታ።

«እናትሽ ቀኑ ተምታቶባቸው ይሆናላ» አለ አበባው።

«እናቴ ጠላ ያለቀባትን ቀን አትረሳም።»

«ማካፈሉ እኮ ልክ ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ።»

ቲቸር መስኮቱን ተደግፋ፣ «ማካፈሉም ልክ፣ እናቷም ልክ ከሆኑ፣ የቱ ጋ ነው የተጣሉት?» አለች። 

ትዕግስት እጇን አወጣች። በአንድ ቀን ሁለተኛዋ መሆኑ ነው። «ዛሬ ሮብ ነው። የሚመጣውን ሮብ ምን እንለዋለን?»

«የዛሬ ስምንት» አልን።

«ከዚያ የሚቀጥለውን?»

«የዛሬ አስራ አምስት።»

«ሳምንት ሰባት ቀን ከሆነ ለምን ሰባትና አስራ አራት አንልም?»

«ዛሬንም ስለምንቆጥር ነዋ» አለ አበባው። ብሎ ሲጨርስ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

የቀረውን ሰሌዳው ላይ ወጥቼ እኔ ጨረስኩት። የተወለደችበት አርብ ራሱ አንደኛ ቀን ነው። ስምንተኛው አርብ፣ አስራ አምስተኛው አርብ፣ እንዲህ እያለ ሰባ ስምንተኛውም አርብ። ሰባ ዘጠኝ ቅዳሜ። ሰማንያ እሁድ። «ሕፃኗ አርብ ዕለት ስታለቅስ እየዋለች እኔ ገና አልተወለደችም ብያታለሁ» አልኩ።

እዚህ ብናቆም ጥሩ ነበር። ግን እኛ አንቆምም። አንዱ «ሰኞ የተወለደችስ?» አለ፣ ሮብ ሆነች። ማክሰኞ ሐሙስ ሆነች። አበባው ደግሞ የወንዱን አርባ ቀን ቆጠረና የአርቡን ልጅ ማክሰኞ ላይ ጣለው፣ የሰኞውን አርብ ላይ። አየሁት። አየሁትና ሳላስፈቅድ ተናገርኩ። «ሴት ከሆነች ከተወለደችበት ዕለት ሁለት ቀን ወደፊት፣ ወንድ ከሆነ አራት። ሁልጊዜ። ሌላውን መቁጠር አያስፈልግም።»

የመሪጌታ አውራ ጣት በጣቶቻቸው አንጓ ላይ ሲሄድ ነበር። ቆመ።

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ይፈትኑን።»

«ወንድ፣ ቅዳሜ።»

«ሮብ» አለ ክፍሉ። ከኋላ አንዱ «ጾም ነው፣ ቅቤ የለም» ብሎ ጨመረ።

«ሴት፣ እሁድ።»

«ማክሰኞ።»

መሪጌታ በአንጓቸው ቆጥረው አረጋገጡና ሳቁ። «እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን አንድ በአንድ ስቆጥር ኖሬአለሁ» አሉ።

አቶ ጥሩነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደብተራቸው ግን መሪጌታ…»

«ድጓውን ስንማር ማን ደብተር ነበረው፣ አቶ ጥሩነህ? ጮኸን ነው የተማርነው። ይቀጥሉ። ብቻ ይችን ሁለትና አራት ይጻፏት። እኔም እጽፋታለሁ።» እውነትም ከአቶ ጥሩነህ እስክሪብቶ ተውሰው መዳፋቸው ላይ ጻፏት።

ሊወጡ ሲሉ አቶ ጥሩነህ ሰሌዳውን ሊያጸዱ ዳስተር አነሱ። ዘልዬ ደረስኩ። «ጋሼ፣ ሰኞዋ የእኔ ናት።»

«እንግዲያ አጥፊያት» አለች ቲቸር። «አልገባሽም እንዴ?»

«ገብቶኛል። የከሰዓት ፈረቃ ልጆችም ይዩአት ብዬ ነው።» ጠመኔውን አንስቼ ከሰኞ ስር «ሐረገ ወይን፣ ሰባተኛ ለ» ብዬ ጻፍኩ።

ሐሙስ ጠዋት ስንገባ ሰኞዬ እዚያው ነበረች። የከሰዓት ልጆች በጠመኔ አጥር አጥረውላታል። ከስሜ በታች አንድ ሰው «አልስማማም» ብሎ ጽፏል።

ዳስተሩን አነሳሁና ራሴ አጠፋኋት። ከዚያ ቲቸር አዲስ ጥያቄ ጻፈችና ጠመኔውን አስቀመጠች።