በላስቲክ የታሰረ ሽንኩርት

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ካርቲየ ሰባት በሚባለው የወደብ ከተማ ሰፈር ውስጥ፣ በማይሙና ደጃፍ ዳስ ጥላ ሥር የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ትርንጎ፣ የቤቱ ባለቤት ማይሙናና ኮንቴነር ሊጭን ወደ ዶራሌ ወደብ ሲያልፍ ጎራ ያለው የከባድ መኪና ሾፌር ይታገሱ።

«ስመጣ ያለፍኩትን ድልድይ ጎርፍ ወሰደው» አለ ይታገሱ። «ከኋላዬ የነበሩት የሽንኩርት መኪኖች በሙሉ ማዶ ቀርተዋል።»

ትርንጎ ወደ ጓዳው ዞር አለች። የማይሙናን ቤት ተጠግቶ የተሠራው ያ ጓዳ በዝናብ ርሶ በመጣ ሽንኩርት እስከ ጣሪያው ተሞልቷል።

«ቀን ወጣልሽ በያ!» አላት ይታገሱ እየሳቀ። «ፈላጊው አገር ምድሩ፣ ያለው አንቺ ጋ። ዛሬ የሸጠ ሞኝ ነው።»

ማይሙና አልሳቀችም። ድሬዳዋ ተወልዳ እዚህ ያረጀች ሴት ናት። ትርንጎ ከሰው ቤት ሥራ ስትወጣ ጥላውንም ጓዳውንም ያለ ኪራይ የሰጠቻት እሷ ናት።

«ልጄ፣ ሐሙስ የተቅዋ ሠርግ ነው። ለልጅ ልጄ ወጥ የሚሆነውን በዱሮው ዋጋ አስቀምጪልኝ።»

«ምን ችግር አለው እማማ» አለች ትርንጎ።

ሰኞ ዋጋው እጥፍ ሆነ። ማክሰኞ እጥፉ ታጠፈ። ሴቶቹ መጡ፣ ተሳደቡ፣ ገዙ። ትርንጎ ጥቂት ጥቂት እያወጣች «ያለኝ ይኸው ነው» ትላለች። የቀረውን ሰው እንዳያይባት በላስቲክ ሸፍና ዙሪያውን ጠፍራ አሰረችው። ደጋ ቢሆን ምንም አይደል። እዚህ ግን በባሕሩ ወበቅ ግድግዳው እንኳ ያልበዋል።

ረቡዕ ጠዋት ማይሙና ዘንቢሏን ይዛ መጣች።

«አለቀ እማማ። ለእናንተ ያልኩትን ሳይቀር ወሰዱብኝ» አለች ትርንጎ፣ አቀርቅራ።

ማይሙና አልተቆጣችም። ጓዳው በር ላይ ቆም ብላ አሸተተች፤ ባዶ ዘንቢሏን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች።

ከዚያ በኋላ ወደ ጥላው የመጣ የለም። ሴቶቹ በወዲያኛው ጥግ ያልፋሉ፤ ያዩዋታል፤ ዋጋ አይጠይቁም። ትርንጎ ጎረቤቷን ጀዋሪያን ጠራቻት።

«ምነው ዛሬ ዘጋችሁኝ?»

«ምን እናስቸግርሽ፣ አልቆብሽ የለ!» አለች ጀዋሪያ። «ደግሞ ወደብ የህንድ ሽንኩርት ገብቷል። ነገ እንደ አፈር ይረክሳል አሉ።»

ትርንጎ ጓዳ ገብታ ላስቲኩን ስትፈታው ትኩስ ትንፋሽ ፊቷን መታው። ያነሳችው ሽንኩርት ሁሉ በጣቶቿ መሃል ሟሟ። ከሥሩ የወጣው ጥቁር ውሃ ወለሉን ይዞ፣ ቀስ እያለ፣ በግድግዳው ስንጥቅ ወደ ማይሙና ቤት ይገባ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ሠርገኞቹ ሲያወሩ ይሰማል። ድንገት አንዷ «ይሄ የሽንኩርት ውሃ አይደል እንዴ?» አለች።

ሠርጉ በህንድ ሽንኩርት ተሠራ። ቅዳሜ ማይሙና ጥላውንም ጓዳውንም ለጀዋሪያ ሰጠቻት።