ኳስ ያልመጣላት በረኛ

ሊሊሴ ጉደታ ሁለት ዓመት ሙሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ኳስ ተጫውታለች፤ መቀመጥም ጨዋታ ከተባለ። ነቀምት ባለ አንድ የመምህራን ኮሌጅ የሴቶች ቡድን ሁለተኛ በረኛ ነበረች። አንደኛዋ ሐዊ ነበረች፤ ሐዊ ደግሞ የማትታመም፣ የማትጎዳ፣ ቢጫ ካርድ እንኳ የማታይ፣ የወለጋ ዝናብ ቀኑን ሙሉ ቢቀጠቅጣት የማታስነጥስ ልጅ ናት። ሊሊሴ ክፉ አልነበረችም። ሆኖም ከጨዋታ በፊት ቡድኑ ክብ ሠርቶ ሲጸልይ፣ በሆዷ «ጌታ ሆይ፣ ሐዊን ጠብቃት፤ ብቻ ቀለል ያለች ጉንፋን...» ብላ ጀምራ፣ አፍራ የምታቋርጣት ጸሎት ነበረቻት። በዚያ ሁለት ዓመት ሜዳ የረገጠችው ውሃ ለማቀበልና አንድ ቀን ደግሞ በጨዋታ መሐል የገባች ላም ለማባረር ነው። ላሟን ስታባርር ተጨብጭቦላታል።

ሐዊ ተመርቃ ስትሄድ ተራው ደረሳት። አሰልጣኟ ንጋት የብቸና ልጅ ናት፤ ነቀምት ተመድባ ከመጣች ወዲህ ኦሮምኛውን ከአገሬው እኩል ታቀላጥፈዋለች፤ በአማርኛ ስትናገር ግን ጎጃሟ አይለቃትም።

«በሩ ከዛሬ ጀምሮ ያንች ነው» አለቻት። «ተቀምጠሽ ስትጠብቂው የኖርሽውን ቆመሽ መጠበቅ አይከብድሽም።»

የመጀመሪያው ጨዋታ ለቅዳሜ ተቆረጠ። ሊሊሴ እሑድን ስትፈነድቅ ዋለች። ሰኞ፣ ኮሮና ገባ ተብሎ በአገሩ ያለ ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘጋ።

ንጋት ልጆቹን ሜዳው ላይ ተራርቀው እንዲቆሙ አድርጋ ነገረቻቸው። ውድድሩ ተሰርዟል፤ ተማሪ ሁሉ ወደየቤቱ ይሄዳል፤ መጨባበጥ የለም፣ መተቃቀፍ የለም። አምበሏ ኬኔ አለቀሰች፤ ኬኔ ስታለቅስ ሌሎቹም ተከተሉ። ተቃቅፎ ማልቀስ ስለተከለከለ እያንዳንዷ በያለችበት እንደ አጥር እንጨት ተተክላ ነው ያለቀሰችው። ሊሊሴ ብቻ እጇን አወጣች። የቅዳሜውም ጭምር ነው ወይ የተሰረዘው ብላ ጠየቀች። ንጋት ፊሽካዋን ከአንገቷ አውልቃ ኪሷ ከተተች።

የሊሊሴ ቤተሰብ ያለው ቢላ በሚባል የወለጋ ገጠር ነው። አባቷ ኦቦ ጉደታ በቆሎ የሚያርሱ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። ወሬውን ሲሰሙ ደውለው፣ ጌታ ኳሱን ከእጅሽ የወሰደው መጽሐፍሽን እንድታነሺ ነው አሏት። ኳሱ መቼ እጇ ገብቶ እንደተወሰደ ለመጠየቅ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን አባት ናቸው። ወደ ቢላም አልሄደችም። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር የምትኖረው የአባቷ ታናሽ እህት ቀለሟ ነቀምት ገበያ ውስጥ አትክልት ትሸጣለች፤ ረዳቷ በሽታውን ፈርታ አገር ቤት ስለገባች ሊሊሴን አስቀረቻት።

ቀለሟ በገበያው የታወቀችው በሁለት ነገር ነው፤ በድምፅዋና ሰው ጠጋ ብሎ ካላወራት የተናቀች ስለሚመስላት። አሁን ሁለት የአዋቂ እርምጃ ራቁ የሚል ትእዛዝ ወጣ። መደቧ ዙሪያ ገመድ ተወጠረ፤ ደንበኛ ከገመዱ ወዲያ፣ እሷ ከገመዱ ወዲህ። አዳዳ ቀለሟ (አዳዳ አክስት ማለት ነው) በጩኸት መሸጥ ለመደች፤ ሰው እንደሚለው ግን ከበፊቱ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ጋሩማ የሚባል ሹፌር ጉቴ ከሚባል አገር ጥቅል ጎመን በአይሱዙ ያመጣላት ነበር። ያን ጊዜ አውራጆቹም ተበትነው ስለነበር፣ እሱ ራሱ ጭነቱ ላይ ወጥቶ ከላይ ሊወረውርላት፣ ሊሊሴ ከታች ልትቀልብ ተስማሙ። የመጀመሪያውን ጎመን፣ ሴት ልጅ ናት ብሎ፣ እንደ እንቁላል አለስልሶ ጣለላት። ያዘችው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ሊሊሴ እግሯን ከፈት፣ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ ቆመችና ወደ ላይ አየችው።

«ሃ ዱፉ» አለችው። ይምጣ ማለቷ ነው።

ጋሩማ ነገሩ ገባው። ከዚያ ወዲያ የወረወረው ጎመን ጎመን አልነበረም። በቀኝ ላከ፤ በቀኝ ያዘች። በግራ ላከ፤ ዘላ ደረቷ ላይ አሳረፈችው። ሁለት አከታትሎ ቢለቅባት አንዱን ይዛ ሁለተኛውን በቡጢ ወደ ጭነቱ መለሰችው። ገበያተኛው ሽንኩርት መምረጡን ትቶ ዞረ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰው፣ ቀጥሎ መንገዱ ሙሉ፤ እንዲራራቁ በተወጠረው ገመድ ላይ ሰው ተደግፎ፣ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥሞ ያይ ጀመር።

ሮብሳን የሚባለው የቀበሌው ተቆጣጣሪ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ደረሰ። ተራራቁ፣ ተበተኑ፣ ማስካችሁን ከአገጫችሁ አንሡ እያለ በሁለቱም ቋንቋ አሰማ። ሰው ትንሽ ፈቀቅ አለ። በተከፈተው ቦታ በኩል ሮብሳን ወደ ውስጥ ሲያይ ሊሊሴ በአየር ላይ ነበረች። ጎመኑን ይዛ፣ ድንች ከረጢት ላይ አርፋ፣ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ሮብሳን ድምፅ ማጉያውን ከአፉ ሳያነሣ «እስቲ አንድ ድገም» አለ፤ ገበያው በሙሉ ሰማው። ከዚያ በኋላ የሚያከብረው ሰው ቢያንስ አይፈረድም።

ቀለሟ ደግሞ ነጋዴ ናት። በማግስቱ፣ የገዛ ሰው አንድ ጎመን ይወረውራል፣ ከሊሊሴ ካለፈለት ጎመኑ በነፃ ይወሰዳል ብላ አወጀች። ባለ ቁመት ጎረምሶች መጡ፤ የጤና ጣቢያው ጥበቃ መጣ፤ ድንጋይ ውርወራ የሚያውቁ የገጠር ልጆች መጡ። ማንም ጎመን በነፃ አልበላም። ሰው ተራርቆ፣ በየተራው ቆሞ ስለሚወረውር ሮብሳንም ለሌሎቹ መደቦች ምሳሌ አድርጎ ይጠቅሰው ጀመር። ሊሊሴ ማታ ማታ እጇ ቢያብጥም፣ ሁለት ዓመት ያልሰማችውን ጭብጨባ በአንድ ክረምት ጠገበች።

ከአጠገባቸው በርበሬ የሚሸጡ እትዬ ሸዋረገድ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ወላጆቻቸው ከመንዝ መጥተው እሳቸው ግን እዚሁ ነቀምት የተወለዱ ናቸው። ነገሩን ሁሉ ከመደባቸው ሳይነሡ ሲያዩ ከርመው፣ አንድ ቀን እኔም ልሞክር አሉ። ጎመን ይከብደኛል ብለው አንዲት መንደሪን አነሡ። ሰው ሳቀ። ሊሊሴም ለአክብሮት ቀና ብላ ቆመች።

«ልጄ፣ ነጠላዬ ወደቀ መሰለኝ፤ እስቲ እይልኝ» አሉ።

ሊሊሴ ዝቅ ብላ ስታይ መንደሪኗ ቀስ ብላ፣ ምንም ሳትቸኩል፣ በራሷ ላይ አልፋ ከጀርባዋ የቲማቲም ሣጥን ውስጥ ቁጭ አለች። ገበያው ፈነዳ። ዳኛው ማን እንደሆነ ባይታወቅም ጎሉ ጸደቀ። የዚያ ዓመት ብቸኛዋ ጎል እሷ ናት፤ ያገባችውም የሰባ ዓመት ባልቴት። ሊሊሴ ፊቷ ቀልቶ ነጠላው እኮ ትከሻዎ ላይ ነው ብትል እትዬ ሸዋረገድ መንደሪናቸውን እየላጡ፣ ኳስ የሚያስገባ ሰው ሁሉ ቀድሞ ይነግርሻል ወይ ብለው መለሱላት። ሳምንት ሙሉ አኮረፈቻቸው። ከዚያ ግን ዓይን ከእጅ ላይ አለመንቀል ማለት ምን እንደሆነ ያስተማረኝ ከእሳቸው ሌላ ማን አለ ብላ ታረቀቻቸው።

መስከረም አልፎ ተመራቂዎች ብቻ እንዲገቡ ጥሪ መጣ፤ ሊሊሴም ተመራቂ ናት። ትምህርቱ ተጨምቆ በጥቂት ወር ያልቃል፤ ከዚያ ምረቃ፣ ከዚያ ምደባ። ስፖርት የሚባል ነገር የለም። ውድድሩ የሚመለሰው ሌሎቹ ተማሪዎች ከገቡ በኋላ፣ ያም ከተፈቀደ ነው። መጫወት የምትፈልግ ተመራቂ ያላት ምርጫ አንድ ዓመት አቋርጣ ከበታቾቿ ጋር መመረቅ ብቻ ነው።

ልጆቹ በስልክ ሲመካከሩ ሰነበቱ። ኬኔ እናቷ ብቻቸውን ስለሆኑ ተመርቄ ደመወዝ ልያዝ አለች፤ ማንም ክፉ አልተናገራትም። አንዷ ለካ በክረምቱ አግብታ ነበር። ሊሊሴ ወደ ንጋት ደወለች፣ ቅሪ እንድትላት። ንጋት ግን እምቢ አለች።

«ቅሪም ሂጅም አልልሽም» አለቻት። «ውድድር ይኖራል ብዬ መማል አልችልም። ጂሩ የምትባል እንደ ባሕር ዛፍ የረዘመች በረኛም መጥታለች፤ ቦታውን በዕድሜ አላድልም። ይኸን ሁሉ አውቀሽ ከቀረሽ ግን ደስታየ ነው።»

ሊሊሴ ቀረች። ለአባቷ የነገረቻቸው የማቋረጫውን ወረቀት ሞልታ ከጨረሰች በኋላ ነው። ኦቦ ጉደታ በነጋታው ከቢላ ተነሥተው ነቀምት ደረሱ። አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ፣ ብለው ከበር ገብተው፣ ከእህታቸው ራቅ ብለው ተቀምጠው፣ ውሃቸውን ጠጥተው ጨረሱ። ቀለሟ ስለ በቆሎው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ ጠየቀቻቸው። ሁሉም ደህና ነው አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ዓለም በአንድ ሳል በሚዘጋበት ዘመን፣ ነገ ይከፈታል ብለሽ ዓመት ትጥያለሽ?»

ሊሊሴ ለዚህ ጥያቄ ስትዘጋጅ ነበር የሰነበተችው።

«አባ፣ ለዚሁ እኮ ነው» አለች። «ብመረቅም ነገ ሊዘጋ ይችላል። አስተማሪ እስክሸብት መሆን እችላለሁ። የኮሌጅ በረኛ መሆን የምችለው ግን ኮሌጅ ሳለሁ ነው፤ እስካሁን ደግሞ አንድ ቀን አልሆንኩም።»

«ሰው ልጅህ ምን ትሠራለች ቢለኝ ምን ልበል?»

«በረኛ ናት በሏቸው።»

«ኳስ ይዛ የማታውቅ በረኛ?»

ቀለሟ ይኼኔ መታገሥ አቃታት። ኳስ ባትይዝም የጉቴን ጎመን በሙሉ ይዛለች ብላ የገበያውን ታሪክ ከጋሩማ ጀምራ እስከ እትዬ ሸዋረገድ፣ እየተነሣችና እየዘለለች ተረከችው። መንደሪኗ ጋ ስትደርስ የኦቦ ጉደታ ማስክ ሲርገበገብ ታየ። መሳቃቸውን ግን ማንም ሊመሰክር አይችልም፤ ማስክ ለዚያም ጠቅሟል። ጠዋት ሲሄዱ ቶሌ፣ እሺ፣ ብለው ብቻ ሄዱ።

በሚያዝያ ውድድሩ ተመለሰ። ጂሩ በእርግጥ ረጅም ነበረች፤ ከፍ ብሎ የሚመጣውን ሁሉ ሳትዘል ትይዘዋለች። የሚወርደውንና የሚያጭበረብረውን የምትይዘው ግን ሊሊሴ ነበረች፤ ንጋት ልምምዱን አይታ ቁጥር አንዱን ማሊያ ሰጠቻት። የመጀመሪያው ጨዋታ ቅዳሜ ሆነ። ቀለሟ መደቧን ዘጋች። ኦቦ ጉደታ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው ከቢላ መጡ።

ሊሊሴ በሩ መሐል ቆማ እጇን እያፍተለተለች ጠበቀች። ጠበቀች። እንግዳው ቡድን ኳሱን ከመሐል ሜዳ ማሻገር አልቻለም፤ አጥቂዎቹ በሙሉ በተጨመቀው ትምህርት ተመርቀው ተመድበው ኖሯል፤ የቀሩት ተከላካዮች ነበሩ። የሊሊሴ ቡድን አንድ አገባ፤ ሁለት አገባ። እሷ በሩ ፊት ወዲያ ወዲህ ተመላለሰች፤ ቋሚውን ነካካች፤ ለተከላካዮቿ ማንም ያልጠየቃትን ምክር ጮኸች። ከዕረፍት በኋላ ሦስተኛው ገባ፤ አራተኛው ገባ። አንድ ጊዜ ኳስ ወደ እሷ ተንከባለለች፤ የራሷ ተከላካይ ደረሰችና ወደ ውጭ ጠለዘቻት። ሊሊሴ ልጅቷን ልትደበድባት ምንም አልቀራት።

ፊሽካው ተነፋ። ልጆቹ ተቃቀፉ፤ ያን ጊዜ ማቀፍን የሚከለክል ቀርቶ የሚያስታውስም አልነበረም። ሊሊሴ ከሁሉም ጋር ከተቃቀፈች በኋላ ማሊያዋን ዝቅ ብላ አየችው። ከነማጠፊያ መስመሩ ንጹሕ ነበር። ሰው መውጣት ሲጀምር ወደ በሩ ተመልሳ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብላ፣ በሌለ ኳስ ላይ በቀኝ በኩል ዘለለች፤ የማለዳው ዝናብ ያቦካው ጭቃ ውስጥ ሙሉ ርዝመቷን ተዘረጋች። ተነሣች፤ በግራም ደገመች። ንጋት ከዳር ሆና አየቻት፤ ኳሶቹን መሰብሰቧንም ቀጠለች።

ኦቦ ጉደታን እስከ መናኸሪያ ሸኟቸው። ቀለሟ ስለ አራቱ ጎል ታወራለች፤ እሳቸው ጭቃ የለበሰች ልጃቸውን በጎን እያዩ ይራመዳሉ። ዓመት የጣልሽው ለዚህ ነው ወይ ይሉኛል ብላ ሊሊሴ ጠበቀች። ደስ ብሏት እንደሆነ፣ ተናድዳ እንደሆነ ራሷም አልለየላትም፤ ፊቷ ግን አልታዘዝ ብሏት ፈገግ ፈገግ ይላል። መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ረዳቱ ቢላ፣ ቢላ እያለ ሲጣራ፣ አባቷ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገው ዞሩ።

«ቀጣዩ ጨዋታ መቼ ነው?»

«የፊታችን ቅዳሜ ነው፣ አባ።»

«እነዚያኞቹስ አጥቂ አላቸው?»

«አላቸው። ሁለት ፈጣን ፈጣን ልጆች አሉ፤ ያስፈራሉ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ገብተው ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ።