ከስድስት ወደ አሥራ ሁለት ቮልት

እምቢ ማለት ነበረብኝ። እምቢ ማለት ደግሞ አያቅተኝም፤ ገርጂ ውስጥ «ገመዳ ኤሌክትሪሺያኑ» ሲባል ሙያዬንም አመሌንም ነው የሚያውቁት። ሃያ ስድስት ዓመት የመኪና ሽቦ ስፈታና ስቋጥር ኖሬአለሁ። ያልጣመኝን ሥራ ባለቤቱ እግሬ ላይ ቢወድቅም አልነካም።

የጋሽ ዘርአጽዮን ቮልስ በጭነት መኪና ተጭና ጋራዤ ስትገባ ግን እምቢ የምልበት አፍ አጣሁ። ልጃቸው ሰምሃል ናት ያመጣቻት። በጥር ልታገባ ነው፤ ለሠርጌ በአባቴ መኪና ካልሆነ አልሄድም ብላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀስ በቀስ አካሏን አስቀጥቅጣ፣ ቀለም አስቀብታ፣ መስታወት አስገብታላታለች። እናቷ እትዬ ፍሬ ግን መኪናዋን በዓይኔ አልያት ብለው ኖረው፣ በመጨረሻ እሺ ያሉት በአንድ ነገር ብቻ ነው። በስድስት ቮልት ደጄን አትረግጥም ብለዋል።

የድሮ ቮልስ በስድስት ቮልት ነው የምትሠራው። መብራቷ ቀጥ ባለ መንገድ፣ በደረቅ ቀን አይከፋም። ፍጥነት ሲቀንሱ ግን ቢጫ ይሆናል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ አለ ለማለት ብቻ ነው የሚበራው። የዛሬ ሁለት ዓመት በነሐሴ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ በዝናብ፣ ጋሽ ዘርአጽዮን ከመገናኛ ወደ ቤታቸው ወደ ሩዋንዳ ሰፈር ሲመለሱ መንገድ ዳር ተበላሽቶ የቆመ ገልባጭ መኪና ሥር ገቡ። መብራታቸው በርቶ ነበር። አላሳያቸውም እንጂ።

ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል። ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ጋሽ ዘርአጽዮን መብራቱን ወደ አሥራ ሁለት ቀይርልኝ ብለው እኔ ዘንድ ሦስት ጊዜ መጥተው ነበር። ሦስቱንም ጊዜ መለስኳቸው። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ያቺ ቮልስ ከፋብሪካ እንደወጣች ነበረች፤ ዲናሞዋ፣ ክላክሷ፣ ሽቦዋ ሳይቀር የራሷ። የቮልስ ወዳጆች ሲመጡ ኮፈኗን ከፍቼ «እዩ፣ አንድ ነገር አልተነካም» እያልኩ የምኮራባት እኔ ነበርኩ። የሰው መኪና! አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል። በመጨረሻው ቀን ወንበር ስቤ እንኳን ሳላስቀምጣቸው «ጋሼ፣ ቀስ ብለው ይንዱ» አልኳቸው። ሦስት ሳምንት አልሞላቸውም።

ለቅሶ ሄድኩ። ምን ቆርጦኝ እንደሄድኩ እግዜር ይወቀው። ድንኳን ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ እትዬ ፍሬ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። እንባ የለም፤ ፊታቸው ንዴት ብቻ ነበር። መብራቱን አሠራው እያሉ ባላቸውን ስንት ጊዜ እንደጨቀጨቁት ነገሩኝ። እሱም ሄጄ ነበር፣ ሠሪው እምቢ አለኝ እያለ ይመልስላቸው ነበር። ሥራ መጥቶለት እምቢ የሚል ባለሙያ የት አገር ነው ያለው፣ ዋሽቶኝ ሞተ አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ ጋ ቢመጣ ትሠራለት አልነበረም?»

እሠራ ነበር በሚል አንገቴን ነቀነቅሁ። አፌን እንኳን አልከፈትኩም፣ በአንገቴ ብቻ ሟችን ውሸታም አደረግሁት። እትዬ ፍሬም «አላልኩም?» ብለው ተነሥተው ሄዱ።

እንግዲህ ሰምሃል መኪናዋን ባመጣችበት ቀን ነው ጉዱን የሰማሁት። እናቷ ለአርባው መቃብር ከሄዱ ወዲህ እግራቸውን አላነሡም። ሙት ዓመቱ በዘመድ ግፊት ቤት ውስጥ ተበላ ተጠጣ፣ እሳቸው ግን አፈሩ ላይ አልቆሙም። ሠላሳ አራት ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው በሕይወቱ ላይ ዋሸኝ ይላሉ። ሰምሃል ይህን ስትነግረኝ ጀርባዬን ሰጥቼ ካቻቢቴ የምፈልግ መሰልኩ።

ሥራው ራሱ የአራት ቀን ሥራ ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፣ እሱን ማውጣት፤ ዲናሞውን ከነመቆጣጠሪያው መለወጥ፣ ለሻማው እሳት የሚሰጠውን ኮይል፣ አምፖሎቹን በሙሉ፣ ክላክሱን። ሽቦው ይቀራል፤ የስድስት ቮልት ሽቦ ወፍራም ነው፣ አሥራ ሁለቱን ይችላል። ለዚህች ነው ሰውዬውን ያመላለስኩት። አራት ቀን!

ሦስተኛው ቀን ላይ አዲሱን ባትሪ አሰርኩና እጄን ልታጠብ ዞር ስል ክላክሱ ጮኸ። ሁለቴ፣ አጠር አጠር አድርጎ። ክው አልኩ። ጋሽ ዘርአጽዮን የጋራዤ በር ላይ ሲደርሱ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት፤ ሁለቴ፣ አጭር፣ ሰው እንዳይረብሹ። ዞሬ ሳይ መኪናዋ ውስጥ ማንም የለም። ጋራዡ ውስጥም ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

እኔ በመንፈስ የማምን ሰው አይደለሁም፤ ቸርቻችን ውስጥም የሞተ ሰው አይመለስም ብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ መሪውን ፈታሁት። ምክንያቱ ቁጭ ብሎ አገኘሁት፤ በአደጋው የመሪው ዘንግ ተጣሞ የክላክሱን ሽቦ ልጦታል፣ የተላጠው ብረት ሲነካ ይጮሃል። ይኼው ነው። አዲስ ሽቦ አስገባሁ፣ ጠቀለልኩ፣ ሞከርኩ፣ ጸጥ አለ። ስቄም ነበር፣ ለብቻዬ።

ግን አልተወኝም። ቤቴ እራት ላይ ሰማሁት። ሐሙስ ጸሎት ላይ ጉባኤው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ፣ ሁለቴ፣ አጠር አጠር አድርጎ፤ ተነሥቼ ወደ ደጅ ወጣሁ። ደጅ ምንም የለም። ባለቤቴ ረሆቦት ተከትላኝ ወጥታ ምን ሆነህ ነው ስትለኝ በር ላይ ሰው አለ አልኳት። ማነው አለችኝ። ስማቸውን ሳልጠራላት ወደ ጉባኤው ተመለስኩ። የሽቦውን ምክንያት አውቄአለሁ እኮ፣ በእጄ ጠግኜዋለሁ! የሚያስጨንቀኝም እሱ ነበር፤ መኪናዋ ውስጥ የቀረ ብልሽት አልነበረም።

አርብ ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዳሽቦርዱን ስገጥም ወንበሩ በእሳቸው ልክ ጎድጉዶ እንደቀረ አስተዋልኩ። እሳቸው ሰፋ ያሉ ሰው ነበሩ፤ እኔ መሐሉ ላይ ጠፋሁ። እዚያው እንደተቀመጥኩ ፈራሁ፣ ሳልደብቅ ነው የምነግራችሁ፣ ፀሐይ እየወጋኝ በጠራራ ቀን ፈራሁ። «ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ እትዬ ፍሬና ሰምሃል መጡ። እትዬ ፍሬ ጥቁራቸውን አውልቀዋል፤ ነጠላቸውን ግን እስከ ግንባራቸው ስበውታል። መብራቱን ሳላይ አልወስድም አሉ። የጋራዡን ቆርቆሮ በር ዘጋሁና ጨለማ ሲሆን አበራሁት። ግድግዳው ነጭ ሆነ። የሲሚንቶው ስንጥቅ፣ የተሰቀለው ቀበቶ፣ የካላንደሩ ቁጥር ሳይቀር ታየ። እትዬ ፍሬ ብርሃኑ ውስጥ ገብተው ቆሙ።

«ይህን ያህል ያበራ ነበር?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «ምነው ዘርአይ፣ አንድ ቀን ሄደህ ብታሠራው ምን ነበረበት?»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«እትዬ፣ መጥተው ነበር» አልኩ። «እኔ ጋ ነው የመጡት። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ድንኳኑ ውስጥ ሲጠይቁኝም ዋሸሁዎት።»

ሰምሃል «ምን?» አለች። እናቷ እጃቸውን ዘርግተው ዝም አሰኟት። እርግማን ጠበቅሁ፤ ጥፊም ቢሆን እሰየው ነበር።

«ስንት ጊዜ መጣ?»

«ሦስት ጊዜ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ ነው ያለኝ» አሉ። «ሦስት ጊዜ።»

ከዚያ አለቀሱ። ሁለት ዓመት ተጠራቅሞ የቆየ ልቅሶ ነበር፤ ሰምሃል ደግፋ ያዘቻቸው። እኔ ማንም ሳያየኝ መሬቱን እያየሁ ቆምኩ።

ሲረጋጉ የመኪናዋን በር ራሳቸው ከፍተው ገቡና ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። በአርባው ቀን የተለዩት መቃብር ዘንድ አድርሰኝ አሉኝ። ሰምሃል እኔ ልንዳ ስትል አይሆንም አሉ።

«እሱ ነው የሚነዳው። ዘርአይን ይቅርታ ስጠይቀው አጠገቤ ይቆማል።»

የጋራዡን በር ከፈትኩ። ፀሐዩ ገባ፣ መብራቱ ከእንግዲህ አያስፈልግም ብዬ ላጠፋው እጄን ስሰድ እትዬ ፍሬ ተወው አሉኝ። ስለዚህ በቀትር፣ መብራታችንን አብርተን፣ ከገርጂ ወጣን። አዲስ አበባ ደግሞ ታውቋታላችሁ፤ መብራት ማጥፋት የረሳ ሾፌር ሲያይ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። ከፊት የሚመጣው ሚኒባስ ሾፌር እጁን በመስኮት አውጥቶ ጣቶቹን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረገልኝ። ታክሲው እንዲሁ። መንገድ የምትሻገር ተማሪ እንዲሁ። ትራፊኩ እንኳን እጁን አንሥቶ ምልክት ሰጠኝ። ሁሉም በደግነት ነው፤ ለባትሪዬ አስበው። በእያንዳንዱ ምልክት እትዬ ፍሬን በጎን አያለሁ። እሳቸው ፊት ለፊት እያዩ ናቸው። ያ ገልባጭ ቆሞበት የነበረው ቦታ ስንደርስ ብቻ «ቀስ በል» አሉኝ፤ ቀስ አልኩ። መብራቱ አልደከመም።

መቃብሩ ደጅ እስክንደርስ አላጠፋሁትም።