የኢቬት ሳንቃ

ዳርሊን ጋኞን የመጨረሻውን ብሎን አጥብቃ ከመሰላሉ ስትወርድ አባቷ ሮላንድ በሩ ላይ ቆሟል። ባሕር የሚወጣበትን የጎማ ቦት ጫማ እንኳ አላወለቀም።

"ካምፕሽ ሩቅ ነው" አላት።

"ካምፕ አይደለም አባዬ፣ ኮሌጅ ነው።"

"ድንኳን አጣ እንጂ ካምፕ ነው። በበጋ ብቅ ትያለሽ፣ በበረዶ ብቅ ትያለሽ፣ ቀለም ተለቃልቀሽ ወደ ቤትሽ።"

እውነቱን ለመናገር ሽማግሌው ብዙም አልተሳሳተም። በአሜሪካዋ ቬርሞንት ግዛት ኮረብታ ላይ ያለው ይህ ኮሌጅ ሥራቸውን ጥለው መማር ለማይችሉ ሠዓሊዎች የተከፈተ ነው። ሌሊት ነርስ ሆና ቀን ሸክላ የምትሠራ አለች፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እየነዳ እንጨት የሚቀርጽ አለ። በዓመት ሁለቴ ለጥቂት ቀን ይሰበሰቡና ሥራቸውን ያሳያሉ፣ ይተቻቻሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ ይታረቃሉ። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ሄዶ እየሠራ፣ የሠራውን ለአስተማሪው በስልክ እያሳየ ማስተርሱን ይጨርሳል። ዳርሊን በሌላዋ ግዛት በሜይን ባለች አንዲት ትንሽ ወደብ የጀልባ ስም ጻፊ ናት። በዚያ ወደብ ሎብስተር የሚሉትን ባለ መቆንጠጫ የባሕር ፍጥረት ከሚያጠምዱት ጀልባዎች የእሷ እጅ ያላረፈበት የለም።

ዛሬ የመጨረሻ ፈተናዋ ነው። ሦስት አስተማሪዎች ሥራዋን አይተው ትመረቅ ወይም አትመረቅ ይላሉ። ዲግሪውን ካገኘች የከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥዕል መምህርነቱን ሊሰጣት ቃል ገብቷል። በየጸደዩ በብርድ ጀልባ ሥር ተንበርክኮ መጻፍ ወገቧን ገድሎታል፤ ሥራውን ፈልጋዋለች፣ በጣም ፈልጋዋለች።

ግድግዳው ላይ የሰቀለችው ከአባቷ ጀልባ ኋላ የተነቀለ ሳንቃ ነው። ኢቬት ይላል፤ የሟች እናቷ ስም ነው። በየዓመቱ አባቷ አንድ ጣሳ ቀለም ይዞ ይመጣል፣ እሷም በድሮው ፊደል ላይ አዲሱን ትደርባለች። ዘንድሮ ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ጀልባዋን ለአንድ ወጣት ሸጠ። በእነሱ ወደብ ደግሞ ስም ከጀልባ ጋር አይሸጥም፤ ሻጩ ፍቆ ነው የሚያስረክበው። "ፍቀሽ ስጪኝ" ብሎ ሳንቃውን አመጣላት። ብርጭቆ ወረቀቷን ይዛ ጀመረች። ከነጩ ሥር ለአመል ያህል ቢጫ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ወጣ፣ ከሰማያዊው ሥር ቀይ፣ ከቀዩ ሥር አረንጓዴ፣ ልክ እንደ ተቆረጠ ግንድ ቀለበቶች። ስሙን ግማሽ ድረስ ፍቃ እጇ አልሄድ አላት።

አስተማሪዋ ጁዲት በስልክ አይታ ወደደችው። ነገር ግን ግማሽ መንገድ አትቁሚ፣ ስሙን ሙሉ በሙሉ ፍቀሽ እስከ እንጨቱ ውረጂ፣ ሥራው ያኔ ነው የሚያልቀው አለቻት። ዳርሊንም እሺ ብላ ነበር። ከፈታኞቹ በፊት ልትጨርስ ብርጭቆ ወረቀቱን ሽርጥ ኪሷ ውስጥ ይዛ መጣች፣ ጠዋቱን ሙሉ በኪሷ ስትዳብሰው አረፈደች።

በኮሌጁ አንድ ሕግ አለ። ሥራው ሲታይ ሠሪው በርጩማ ላይ ተቀምጦ አፉን ይዘጋል። ቢያሞግሱትም ቢያብጠለጥሉትም ዝም ነው፤ የሚናገረው በመጨረሻ ሲፈቀድለት ብቻ ነው። ዳርሊን በመጀመሪያው ዓመት መልስ ሰጥታ ስለተቆጧት ሕጉን ጠንቅቃ ታውቃለች። ለአባቷ መንገር ግን ረሳች።

ፈታኞቹ ገቡ። ሄክተር የሚባለው ጢማሙ ጎንበስ ቀና እያለ አይቶ፣ ግማሽ መሆኑ ስለ መርሳት ይናገራል አለ። ከከተማ የመጣችው ማረን አልተስማማችም፤ ሠሪዋ ፈርታለች፣ አልወሰነችም አለች። ጁዲትም ቀስ ብላ፣ አዎ፣ እኔም ፍርሃት ይታየኛል አለች። ቀጥሎ ሄክተር ወደ ሰማያዊው ጠቁሞ፣ ይሄ የተመረጠው ለሐዘን ይመስለኛል አለ።

ከኋላ ሳል ተሰማ።

"ሐዘን አይደለም" አለ ሮላንድ። "ቀለም ቤቱ ሲዘጋ በግማሽ ዋጋ ያገኘሁት ነው።"

ዳርሊን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ማረን ፊቷን አኮሳተረች። ጁዲት ግን ዞር ብላ ሰውየውን ከቦት ጫማው እስከ ቆቡ አየችው።

"ሕጉ ሠዓሊዋ ዝም ትበል ነው የሚለው" አለች። "እርስዎ ሠዓሊ ነዎት?"

"ኧረ ምን በወጣኝ።"

"እንግዲያው ይቀጥሉ።"

ሮላንድ ቀጠለ። ቀዩ የእሳት አደጋ መኪናውን ቀብተው የተረፋቸው እንደሆነ ነገራቸው። አረንጓዴውን በስህተት ገዝቶ ኢቬት ሳምንት ሙሉ አኩርፋው ነበር፣ ቃሪያ አስመሰልከኝ ብላ። ሄክተር ሳቁ አመለጠው፣ ማረንም ሳትወድ ሳቀች። ከዚያ ሽማግሌው ወደ ሳንቃው ተጠግቶ በወፍራም ጣቱ በነጩና በሰማያዊው መካከል ያለች ክር የምታህል ቢጫ ነካ።

"ይችን እኔ አልመረጥኳትም" አለ። "ኢቬት ናት። ያኔ ሆስፒታል ተኝታለች፣ መስኮቷ ወደቡን ያያል። ጠዋት ወደ ባሕር ስወጣ የጀልባዬን ኋላ እያየች፣ ጀልባዎቹ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፣ የቱ አንተ እንደሆንክ አላውቅም አለችኝ። ስሙን ቢጫ አድርገው አለች።"

ያንን ቢጫ የቀባችው ዳርሊን ነበረች። አባቷ እንደ ልማዱ ከርካሹ ያነሳው መስሏት፣ ምን ዓይነት ቀለም ነው ብላ ስታጉረመርም ነበር። በዓመቱ ነጭ ሲያመጣላት ደስ ብሏት ሸፈነችው። ዛሬ የቀረው ቢጫ ካልተፋቀው ግማሽ ስም ሥር ተኝቷል። እንባዋ መጣ፣ አልከለከለችውም።

ጁዲት ወደ ዳርሊን ዞረች።

"አሁን መናገር ትችያለሽ። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ ሥራው አልቋል?"

ዳርሊን እጇን ሽርጥ ኪሷ ከተተች። ብርጭቆ ወረቀቱን አውጥታ ለአባቷ ዘረጋችለት።

"ያዝልኝ" አለችው። ከዚያ ወደ ጁዲት ዞራ፣ "አልቋል" አለች።

"እኔ ብሆን እስከ እንጨቱ እወርድ ነበር።"

"አውቃለሁ። እኔ ግን እዚህ ጋ አበቃሁ።"

ፈታኞቹ ወጥተው ሲመለሱ ሦስቱም ተራ በተራ ጨበጧት። ማረን፣ አሁንም አልተስማማሁም፣ ግን አልፈሻል አለቻት። ዳርሊን ለሁለት ዓመት የተሸከመችውን ያወረደች ያህል ቀለላት።

ምሳቸውን ደረጃው ላይ ተቀምጠው በሉ። አባቷ ዳቦውን እያኘከ ብዙ አሰበ።

"ጀልባዋን የገዛው ልጅ ቅዳሜ ሊወስዳት ይመጣል። ያለ ሳንቃ ላስረክበው ነው?"

"አዲስ ቆርጬ እጽፍለታለሁ። ስሟን ማን ሊላት ነው?"

"በውሻው ሊሰይማት ነው።"

"እግዜር ይርዳው" አለች ዳርሊን፤ አብረው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ፣ "የእኛዋን አንተ ቤት ኩሽና ውስጥ ልሰቅላት አስቤያለሁ፣ ከምድጃው በላይ" አለችው።

ሮላንድ ብርጭቆ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ጨምድዶ ከዳቦው ወረቀት ጋር ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለው።

"ምድጃው ጋ አይሆንም" አለ። "መስኮቱ ፊት ለፊት ስቀያት። ወደቡ ይታያታል።"